እንገር በሰዓቱ

ዛሬ ከገጠር ወጣቶች ክበብ ልጆች ጋር ካምፕ ዋልኩ። በጣም ደክሞኛል፣ ግን ይህን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ድንኳን ተከልን፣ ኳስ ተጫወትን። ልቤን የወሰደው ግን የከሰዓቱ የጥጃ አያያዝ ነው። አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው የምትባል ልጅ ራሷ ያሳደገቻትን ጥጃ እየሳበች መጣች። ደብተሯን ገለጠችና ታስረዳን ጀመር። ጥጃ ስትወለድ ከበሽታ የሚከላከላት ነገር በደሟ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የምታገኘው ከእንገር፣ ማለትም ላሟ እንደወለደች ከምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት ነው። እሱንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት መጠጣት አለባት፤ 24 ሰዓት ካለፈ አንጀቷ መከላከያውን ወደ ደም ማሳለፍ ያቆማል። «እኩለ ሌሊት ብትወለድም መነሳት ነው» አለችኝ ኮስተር ብላ።

ደብተሩን አየሁት። የጥጃዋን የደረት ዙሪያ በሜትር እየለካች በየሳምንቱ መዝግባለች። ሚዛን በሌለበት ክብደት የሚገመተው እንደዚህ ነው። ጠርዙ በጭቃ ተለውሷል፣ ቁጥሮቹ ግን ጥርት ያሉ ናቸው። እውነቴን ነው፣ ኮራሁባት!

እንዲህ ያለው ክበብ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ ፎር ኤች (4-H) የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ መነሻው በ1902 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የተቋቋመ የገጠር ልጆች ክበብ ነው። ያኔም ልጆቹ የሚማሩት በእጃቸው እየሠሩ ነበር።

ነገ የበጎች ተራ ነው፤ ሰኮና መከርከም እንማራለን። አቅራቢያችሁ እንዲህ ያለ ክበብ ካለ፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን አስመዝግቧቸው።