ባለሀብት ከመጥራት በፊት መኪናውን መቁጠር

ከተሞቻችን ባለሀብት ሲጠሩ የሚሉት አንድ ነው፤ ሰፊ መሬት፣ ታታሪ ወጣት፣ ተስማሚ አየር። ብሮሹሩ ላይ የከተማውን ስም በእጃችሁ ብትሸፍኑት የማን እንደሆነ አይለይም። የወሎዋን ኮምቦልቻን ከሌላው የሚለያት ነገር በየቀኑ በሸራ ተሸፍኖ በመሃሏ ያልፋል፤ ማሾ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ፍየል፣ ቆዳ። አብዛኛው ጥሬውን ገብቶ ጥሬውን ይወጣል። ለከተማዋ የሚተርፈው የሹፌሩ ምሳና የጎሚስታው ሂሳብ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከቆጠራ ነው። ኮምቦልቻ ለቆጠራ ትመቻለች፤ ዋና ዋና መውጫዋ ሦስት ነው። አንዱ በሐረጎ ወደ ደሴ ይወጣል፣ አንዱ በሐርቡ ወደ ከሚሴና አዲስ አበባ ይወርዳል፣ አንዱ በባቲ ወደ ሚሌ ይሄዳል። በየበሩ ሁለት ሁለት ልጆች በሁለት ፈረቃ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ለ7 ተከታታይ ቀን። በጠቅላላ 12 ሰው ነው። «5 ቀን ይበቃል» ብሎ ማሳጠር አይሆንም፤ የባቲ ሰኞ ገበያ ከተዘለለ የከብቱና የፍየሉ ጭነት ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። ቅጹ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፤ ሰዓት፣ የመኪናው ዓይነት፣ ጭነቱ፣ ከየት ወዴት፣ ባዶ ወይስ ሙሉ። አይሱዙውን 50 ኩንታል ገደማ፣ ከባዱን ከነተሳቢው 400 ኩንታል ብሎ ማስላት ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ቆጠራው በዓመት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ኅዳር ላይ ምርት ሲገባ፣ መጋቢት ላይ ነጋዴው ያከማቸውን ሲያወጣ፣ ሐምሌ ላይ ገበያው ሲደርቅ።

ይህ ሥራ የሚበላሽበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ቆጣሪው የገቢዎች ሠራተኛ ከሆነ ወይም ሹፌሩ እንደዚያ ከጠረጠረ፣ 400 ኩንታሉ 250 ይሆናል፣ ማሾው «የቤት ዕቃ» ይባላል። ቆጣሪዎቹ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይሁኑ፤ የታርጋ ቁጥርም የጫኙም ስም አይጻፍ። «ጋሼ፣ ታርጋ አንመዘግብም፤ ጭነቱንና የሚሄድበትን ብቻ ይንገሩን» ከተባለ አብዛኛው ሰው እውነቱን ይናገራል። የባዶ መኪናውን ዓምድ ደግሞ አትናቁት። አገሪቱ የምታስገባው ጭነት ከምታስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ጅቡቲ ወደብ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ታች የሚጫን ነገር ያለው ሰው በኪራይ ላይ ለመከራከር አቅም አለው። ይህን ለባለሀብት በቁጥር ማሳየት ከአሥር ብሮሹር ይበልጣል።

አንዱን ጭነት ቀረብ ብለን እንየው፤ ማሾን፣ ያንን ትንሹን አረንጓዴ ጥራጥሬ። በቃሉ ወረዳና በከሚሴ ዙሪያ ቆላ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ከ70 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ገበሬው አውድማ ላይ ወቅቶ ያመጣዋል፤ ሰብሳቢው ከነአፈሩ ይገዛል፤ ትልቁ ነጋዴ ከነአፈሩ ይጭናል። ከ100 ኩንታል 5ቱ አፈር፣ ጠጠርና የተሰባበረ ፍሬ ነው ብንል፣ አንድ ተሳቢ መኪና 20 ኩንታል ቆሻሻ በትራንስፖርት ዋጋ ይዞ ይጓዛል። እዚሁ ቢበጠር ቆሻሻው ይቀራል፣ የተሰባበረው ለመኖ ይሸጣል፣ ንጹሑ ደረጃው ከፍ ይላል። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም፤ ወንፊትና ማራገቢያ ያለው ማበጠሪያ፣ ጠጠር መለያ፣ ቀላሉን ፍሬ ከከባዱ የሚለይ ነዛሪ ጠረጴዛ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያነሱ ሦስት ኤሌቬተሮች፣ ሚዛንና ጆንያ መስፊያ። የሞተሮቹ ድምር 30 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው።

መጋዘኑ 10 ሜትር በ20 ሜትር ቢሆን፣ ለመተላለፊያና ለግድግዳ ርቀት ሲሶ ያህሉን ትተን ቀሪውን እስከ 3 ሜትር ከፍታ ብንደረድር 2,700 ኩንታል ገደማ ይይዛል። ጆንያው መሬት አይነካም፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ክፍተት። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ አይከማችም፤ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ትልቁ ጠላት ግን ነቀዙ ነው፤ እንቁላሉን እማሳ ላይ ጥሎ ከፍሬው ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ መጋዘኑ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አይቀርም። ስለዚህ ገና ሲገባ በሸራ አሽጎ ማጠን ያስፈልጋል፤ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ በሠለጠነ ሰው ብቻ። ለማጠኛ የሚውለው ፎስቶክሲን የሚባለው እንክብል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ የጥበቃ መኝታ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ጭሱ ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ይውጣ።

ይህን ፋብሪካ የሚያቆመው ሰው ከየት ይመጣል? እኔ በበኩሌ ከዱባይ አልጠብቀውም። አሁን ማሾውን ከነአፈሩ የሚጭነው ነጋዴ ነው። ገበሬውን ያውቃል፣ ገዢውን ያውቃል፣ ዋጋ ሲወርድ እንዴት እንደሚታገሥ ያውቃል። የሚያንሰው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የመሥሪያ ገንዘብ፤ ማሾ በሁለት ሦስት ወር ተገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ስለሚሠራ፣ ለእህሉ መግዣ የሚታሰረው ብር ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ባንክ ማሽን ለመግዛት ብድር ሰጥቶ ለእህሉ የከለከለው ፋብሪካ ጥር ላይ ሥራ ይፈታል። ብድሩ ሲጠየቅ ሁለቱ አንድ ላይ ይጠየቁ። ሁለተኛው የሚያንሰው ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ከተማዋ ጥፋት አለባት።

«ከሦስተኛ ወገን ነጻ የሆነ መሬት አለን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ካርታ ላይ ነው። ሰውየው ቦታውን ሊያይ ሲሄድ ማሽላ በቅሎበት፣ ካሳ ያልተከፈለው ገበሬ በአጥሩ ጥግ ቆሞ ያገኘዋል። ገበሬው እውነት አለው። 50 ቦታ በወረቀት ከማስተዋወቅ 3 ቦታ ጨርሶ ማዘጋጀት ይሻላል። የተዘጋጀ ማለት ካሳው ተከፍሎ፣ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ገብቶ፣ መንገዱ ጠጠር ለብሶ፣ መብራቱ ደርሶ፣ ውሃው ቆጣሪ የሚቀጠልበት ድረስ መጥቶ ነው። ስፋቱም ቢሆን፣ ለማበጠሪያው 2,000 ካሬ ሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ሄክታር ይወዳሉ። ከካሬው ይልቅ በሩንና ግቢውን አስቡ። ከነተሳቢው 18 ሜትር ገደማ የሚረዝም መኪና 4 ሜትር በር ውስጥ ከጠባብ መንገድ ታጥፎ አይገባም። በሩ 6 ሜትር፣ የግቢው መዞሪያ ቢያንስ 25 ሜትር ይሁን። ይህን ያልተጠነቀቀ ግቢ መኪናው አስፋልት ዳር ቆሞ፣ ጆንያው በሰው ጀርባ እየተመላለሰ ይኖራል።

አፈሩንም እዩ። የኮምቦልቻ ሜዳ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዋልካ ያለበት ቦታ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ወለሉንና ግድግዳውን ይዞ ይሄዳል። አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ አፈርና ጠጠር መተካት ወጪ ነው፤ ግንበኛው ሲጀምር ከሚያውቀው ከተማዋ አስቀድማ ብትነግረው ይሻላል። ጎርፉን ለማወቅ ደግሞ ባለሀብቱን ጥር ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ ቦታውን ማሳየት ነው። አዎ፣ ማንም ጽሕፈት ቤት ይህን አያደርግም።

መብራቱ የራሱ ጣጣ አለው። 30 ኪሎ ዋት ጭነት በ0.8 (በፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከሚሳበው ኃይል ሥራ ላይ በሚውለው ድርሻ) ሲካፈል 38 ኪሎ ቮልት አምፒር ገደማ ይሆናል፤ ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ይበቃል፣ ግን ለእሱ ብቻ ሲሆን ነው። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው 5 እና 6 እጥፍ ይስባል፤ ትልቁን ሞተር ረጋ አድርጎ በሚያስነሣ ስታር ዴልታ በሚባል ማስነሻ ካላስነሡት የሠፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። ነገ ማሾው ላይ የክክ መፍጫ ለመጨመር ለሚያስብ ሰው ከጅምሩ ባለ 100 ይተከልለት። ከሁሉ የከፋው ስህተት ትራንስፎርመሩን ከፋብሪካው 600 ሜትር ርቀት ላይ ትቶ ዝቅተኛውን የቮልቴጅ መስመር መጎተት ነው። 380 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይወድቃል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ በሦስት ወር ይቃጠላል፤ ከዚያ «የቻይና ሞተር» ይሰደባል። ከፍተኛው መስመር እስከ ግቢው በር ይምጣ።

የሊዝ ውሉም ጥርስ ያስፈልገዋል። አዋጅ 721/2004 ሲወጣ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ከተማ የኢንዱስትሪ ሊዝን እስከ 80 ዓመት ፈቅዷል፣ ቅድመ ክፍያውም ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደንግጓል። ይህን ያህል ዘመን የያዘ ሰው አጥሮ፣ ጥበቃ ቀጥሮ፣ ባሕር ዛፍ ተክሎ መቀመጥ ይችላል። ውሉ ላይ አጥር ግንባታ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ መሠረቱ በስንተኛ ወር፣ ጣራው በስንተኛ ወር፣ ማሽኑ በስንተኛ ወር እንደሚያልቅ ይቀመጥ። ከተማዋም በበኩሏ መብራቱን በስንተኛ ወር እንደምታደርስ ትፈርም። አንዱ ወገን ብቻ የሚጠየቅበት ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ አይቆምም።

እስካሁን ያወራነው ስለሚወጣው ጥሬ ምርት ነው። የሚጣለውም ገበያ አለው። የከተማዋ ቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርት ለወተት ላም ጥሩ መኖ ነው፤ እርጥቡን ሲወጣ ግን ከ100 ኪሎው ከ75 እስከ 80 የሚሆነው ውሃ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል። ሩቅ አገር አይሄድም። ስለዚህ የሚጠቀምበት ከብት እዚሁ ዙሪያ መሆን አለበት፤ አየር በማያስገባ ጉድጓድ ከጭድ ጋር ቢጠቀጠቅ ደግሞ ለሳምንታት ይቆያል። ይህን የመሰለ ማንም ነቅሎ ሊወስደው የማይችል ምክንያት ያለው ሥራ ለትንሽ ከተማ ከሁሉ ይሻላል። በአንጻሩ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና ኬሚካል የሚለቅ ፋብሪካ ሲመጣ ቶሎ ደስ አይበለን። ፈሳሹ መጨረሻው የቦርከና ወንዝ ነው፤ ቦርከና ደግሞ ወደ ጨፋ ወርዶ ከብት የሚጠጣው፣ ሽንኩርት የሚጠጣው ውሃ ነው። ማጣሪያው ከምርቱ ቀድሞ መሥራት አለበት።

አሁን ያሉት ፋብሪካዎችም መጠየቅ አለባቸው፤ «በየወሩ ከአዲስ አበባ ምን ታስመጣላችሁ?» ተብለው። ካርቶን፣ የተሸመነ ጆንያ፣ የሥራ ልብስ፣ ፓሌት፣ በቶርኖ የሚወጣ ቡሽንግና ዘንግ። የተሰበረ ዘንግ 380 ኪሎ ሜትር ሄዶ ተሠርቶ እስኪመለስ መስመሩ ይቆማል። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ከተማ ጥሩ የማሽን ሾፕ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዝርዝሩን ይዞ ለከተማው ወጣት ማሳየት ለውጭ ባለሀብት ግብዣ ከማዘጋጀት በጣም ይረክሳል።

የኢንዱስትሪ ፓርኩን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። ሐምሌ 2009 ሲመረቅ በ75 ሄክታር ላይ 9 ሼድ ይዞ ነበር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከምታስገባበት የአጎዋ ዕድል ተሰረዘች። በውጭ ጨርቅ ለአንድ ገበያ የሚሰፋ ሥራ ሁለቱን ዱላ በአንድ ጊዜ ሲቀምስ የሚይዘው ሥር አልነበረውም። ሼዶቹ ጥሩ ናቸው፤ ጥያቄው ከቃሉና ከተሁለደሬ ወረዳ የሚመጣ ነገር ስንቱ ውስጥ ይገባል የሚለው ነው። ወደ ኮምቦልቻ ይመጣል የተባለውን የባቡሩንም ነገር ፉጨቱ እስኪሰማ ከወጪ ስሌት ውጪ አድርጉት።

ደሴና ኮምቦልቻ መሻማታቸው ትርፍ የለውም። ደሴ በጦሳ ሥር ገደል ይዛ የተቀመጠች፣ 2,500 ሜትር ላይ ያለች፣ ሜዳ የሚያንሳት ከተማ ናት፤ የጅምላ ንግዱ፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ግን እዚያ ነው። ማምረቻው ታች ኮምቦልቻ፣ ሱቁና ሒሳብ ክፍሉ ላይ ደሴ ቢሆን ይስማማል። ብቻ በክረምት ሐረጎ ጉም ሲወርድበት መኪና ይዘገያል፤ ትኩስ ወተት የሚያመላልስ ሰው ማቀዝቀዣውን ኮምቦልቻ ያድርግ።

የሠራተኛው ነገር የሚወሰነው በደመወዙ ብቻ ሳይሆን በቤት ኪራዩም ነው። ከኩታበር ወይም ከወረኢሉ የመጣች ልጅ ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ከደመወዟ ለእናቷ የምትልከው ካልተረፋት በስድስተኛው ወር ትመለሳለች፤ ፋብሪካው ደግሞ ያሠለጠናትን አጥቶ እንደገና ይጀምራል። ለማኅበር ቤት ሠሪዎች ከፋብሪካው በእግር 20 ደቂቃ ውስጥ ቦታ መስጠት፣ ውሃና መጸዳጃ ያለው ባለ አንድ ክፍል እንዲሠሩ ማስገደድ ይቻላል። ፈረቃው ማታ 4 ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካው በር እስከ ሠፈሩ ያለው መንገድ መብራት ይተከልበት፤ ባጃጆቹም በዚያ ሰዓት በሩ ላይ እንዲቆሙ ከማኅበራቸው ጋር በቋሚ ዋጋ መስማማት የፋብሪካውና የከተማው የጋራ ሥራ ነው።