ያልተዘፈነላቸው የቤዝቦል ጀግኖችና የመጪው ኮሌጅ ፉትቦል ትንበያዬ

ቤዝቦል መከታተል ስጀምር ጭንቀቴ ሕጉን መልመድ ብቻ ነበር። ሦስት ስትራይክ፣ አራት ቦል፣ ዘጠኝ ኢኒንግ። ያ አሁን አልፏል። ዘንድሮ የያዝኩት ትምህርት ከበድ ይላል፤ ተንታኝ ሳይነግረኝ ጎበዙን ለይቼ ማወቅ። እንደኔ እዚህ አሜሪካ ስፖርቱን እየለመዳችሁ ላላችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ያደርጋል። በዚህ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ የአንድ ሰው ሥራ እንዴት ይደበቃል ትሉ ይሆናል። ግን ይደበቃል። ጨዋታው በየቀኑ ስለሆነ ማንም ሁሉንም አያይም። ሰው የሚያየው የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ቡድኖችን ነው። ከዚያ ማታ ላይ የሆምረን፣ የዚያ ኳሷን አጥር የሚያሻግር ምት፣ ቪዲዮ በስልኩ ያያል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ነገር አሳምሮ የሚሠራ ተጫዋች ስሙ ሳይነሳ ዓመቱ ያልቃል። የእግር ኳስ ሰዎች የመሃል ሜዳ ተከላካዩን ማኬሌሌን ታስታውሳላችሁ። ሪያል ማድሪድ በ2003 ለቼልሲ ሲሸጠው ብዙ ሰው ዋጋው የገባው ከሄደ በኋላ ነው። ቤዝቦል ውስጥ እንደሱ ያሉ ብዙ አሉ።

የእኔ አንደኛ ሆሴ ራሚሬዝ ነው። የክሊቭላንድ ጋርዲያንስ ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂ። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ባኒ ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ገደማ ነው፤ ከቡድን ጓደኞቹ መሃል ሲቆም አጭር ነው። ክሊቭላንድ በ2009 ሲያስፈርመው የከፈለው 50,000 ዶላር ነበር። ለዚህ ስፖርት ይሄ ምንም ማለት አይደለም። በግራም በቀኝም ይመታል። ይሄ ማለት ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ግራኝ ሲሆን በቀኝ፣ ቀኝ ሲሆን በግራ ይቆማል፤ ሁልጊዜ ኳሷን አጥርቶ የሚያይበትን ጎን ይይዛል ማለት ነው።

2024ን ተመልከቱ። 39 ሆምረን መታ፣ 41 ቤዝ ሰረቀ፤ መስረቅ ማለት ኳስ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው። በአንድ ዓመት 40 ሆምረን ከ40 ስርቆት ጋር ያገኙ ሰዎች በታሪክ ስድስት ብቻ ናቸው። ራሚሬዝ አንድ ሆምረን ቀረችው። የመጨረሻው ቀን ጨዋታ በዝናብ ተሰረዘና ዕድሉም አብሮ ቀረ። ያን ዓመት የሾሄይ ኦታኒ 54 ሆምረንና 59 ስርቆት ዓለምን አስደምሞ ስለነበር የራሚሬዝን ማን ያስታውሰዋል? ኦታኒ የሚገባውን ነው ያገኘው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ራሚሬዝ እስካሁን አንድም ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተብሎ አልተመረጠም። ይሄ በጣም ይቆጨኛል።

እሱን ስታዩ ሲመታ ብቻ አትዩት። ቤዝ ላይ ከደረሰ በኋላ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉበት። ጓደኛው ተራ ምት ሲመታ እሱ ከመጀመሪያው ቤዝ ተነስቶ ሦስተኛው ላይ ይገኛል። ፒቸሩ ለአፍታ ከተዘናጋ ሄደ በሉት። በየዓመቱ ስርቆት ከሚያበዙት ተርታ ነው፤ ግን ከእሱ የሚፈጥኑ ብዙ ወጣቶች አሉ። እሱ የሚበልጣቸው ጊዜውን በማወቅ ነው። በ2022 የሰባት ዓመት፣ የ141 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ክሊቭላንድ ቀረ። ገበያ ቢወጣ ከዚህ የበለጠ ያገኝ እንደነበር ያኔ ብዙ ተብሏል። ትልቅ ከተማ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ፎቶውን በየማስታወቂያው እናይ ነበር።

ዓይኔን የከፈተልኝ አንድ ልማድ አለ፦ ውጤት በወረቀት መመዝገብ። ስታዲየም ስትገቡ ስኮርካርድ ይሸጣል፤ ተራ ደብተርም ይበቃል። እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ቁጥር አለው። ፒቸር 1፣ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳሷን የሚይዘው) 2፣ ሦስቱ ቤዞች 3፣ 4፣ 5፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚቆመው) 6፣ ውጭ ሜዳ ላይ ያሉት ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8፣ 9። ኳስ በማን እጅ እንዳለፈች በቁጥር ትጽፋላችሁ። «6-4-3» ካላችሁ ሾርትስቶፑ ያዘ፣ ለሁለተኛ ቤዝ ሰጠ፣ እሱ ወደ አንደኛ ወረወረ፣ ሁለት ሰው በአንዴ ወጣ ማለት ነው። ይህን ስትጽፉ ቴሌቪዥን የማያሳያችሁ ሰው ስሙ እየተደጋገመ ይመጣል። እኔ ዲሲ ወዳለው ናሽናልስ ፓርክ ስሄድ ላይኛው ፎቅ ላይ ርካሹን ወንበር እይዛለሁ። ሜዳው በሙሉ ከዚያ ይታያል፤ ለመማር ከታችኛው ይሻላል። በአረንጓዴው ሜትሮ ኔቪ ያርድ መውረድ ነው፤ መኪና ማቆሚያ ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

ስለ 6-4-3 ካነሳን ሉ ዊቴከርን ማለፍ አይቻልም። ይሄ ሰው የዲትሮይት ታይገርስ ሁለተኛ ቤዝ ነበር፣ ከ1977 እስከ 1995። ከሾርትስቶፑ አለን ትራሜል ጋር በአንድ ቀን ትልቁን ሊግ ጀመሩ። ከዚያ 1,918 ጨዋታ ጎን ለጎን ተጫወቱ፤ የአሜሪካን ሊግ ክብረ ወሰን ነው። በ1984 ዋንጫውን አብረው አነሱ። ትራሜል በ2018 የታላላቆቹ ስም የሚሰፍርበት የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ። ዊቴከርስ? በ2001 ስሙ ለጋዜጠኞች ድምፅ ሲቀርብ 2.9 ከመቶ አገኘ። ከ5 ከመቶ በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ለጋዜጠኞቹ አንድ ጊዜ ቀረበ፣ በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ዎር የሚባለውን ቁጥር መልመድ ይጠቅማል። አንድ ተጫዋች በቦታው ተራ ተተኪ ቢኖር ከሚገኘው በላይ ለቡድኑ ስንት ድል ጨመረ የሚለውን ይገምታል። ምት፣ ሩጫ፣ መከላከል ሁሉም ይደመራል። ቤዝቦል ሪፈረንስ በሚባለው የቁጥር ድረ ገጽ ስሌት ዊቴከር 75 ገደማ አለው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቦታ ለቺካጎ ከብስ የተጫወተው ራይን ሳንድበርግ 68 አለው። ሳንድበርግ በ2005 የክብር አዳራሽ ገብቷል፤ ይገባዋልም። ነፍሱን ይማር፣ በ2025 አረፈ። ግን የከብስ ጨዋታ በዚያን ጊዜ በኬብል ቴሌቪዥን በመላው አገር ይታይ ነበር። የዲትሮይቱን የሚያየው በብዛት የሚሺጋን ሰው ነው። ሳንድበርግ በ1984 የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ ዊቴከር በየዓመቱ ጥሩ ሆነ እንጂ አንድ የሚነገርለት ዓመት አልነበረውም። መራጮች ደግሞ ጫፉን እንጂ ርዝመቱን አያስታውሱም። እኔ በበኩሌ ዊቴከር ወደ አዳራሹ ሳይገባ ስለ ፍትሐዊ ምርጫ ማውራት ይከብደኛል።

ዎር ግን ወንጌል አይደለም። መከላከልን የሚለካበት መንገድ፣ በተለይ ለድሮ ተጫዋቾች፣ ግምት ይበዛበታል። የሁለት ነጥብ ልዩነት ይዛችሁ አትሟገቱ። የሰባት ነጥብ ልዩነት ግን ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ቲም ሬንስን የማነሳው ለዲሲ ሰዎች ስል ነው። የተጫወተበት ሞንትሪያል ኤክስፖስ በ2005 ወደዚህ መጥቶ የዛሬው ናሽናልስ ሆኗል። ሬንስ 808 ቤዝ ሰርቋል፤ ከሞከረው ከመቶ ወደ 85 የሚጠጋው ተሳክቶለታል። ችግሩ በአንድ ዘመን ከሪኪ ሄንደርሰን ጋር መፈጠሩ ነው። ሄንደርሰን 1,406 ሰርቋል። ከሱ ጎን ሁሉም ያንሳል። ሬንስ በ2008 ለአዳራሹ ሲቀርብ 24 ከመቶ ገደማ አግኝቶ፣ በ2017 በመጨረሻው ዕድሉ በ86 ከመቶ ገባ። በዚያ አስር ዓመት ውስጥ አንድም ቤዝ አልጨመረም። የተቀየረው የሚያየው ሰው ዓይን ነው። ይሄ ታሪክ ለዊቴከርም ተስፋ ይሰጠኛል።

ከፒቸሮች ዛክ ዊለርን ብቻ ልጥቀስ። በ2021 እና በ2024 ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር በሚሰጠው የሳይ ያንግ ሽልማት ሁለተኛ ወጣ፤ የ2021ዱን ለጥቂት ነው ያጣው። ስለ ዘመኑ ምርጥ ፒቸሮች ሲወራ ስሙ ቶሎ መምጣት አለበት።

አሁን ወደ ኮሌጅ ፉትቦል። እዚህም ያው በሽታ አለ፤ እንዲያውም ይብሳል። ከ130 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች በላይኛው ደረጃ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው በብዛት ቅዳሜ ነው፤ ማን ሁሉን ያያል? ሳይጀመር ደግሞ ጋዜጠኞች ከ1 እስከ 25 ደረጃ ያወጣሉ። አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ማለት ነው። የሚመራቸው የትምህርት ቤቱ ስምና የምልምሎቹ ዝና ነው።

የ2025ቱን እንይ። ቴክሳስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወቅቱን በአንደኝነት ጀመረ። በመጀመሪያው ጨዋታ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፈ፤ 12 ቡድን ለሚያስገባው ፕሌይኦፍም፣ ለዋንጫው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ አልበቃም። ሁለተኛው ፔን ስቴት አራት ተጫውቶ አራቱንም በተሸነፈው ዩሲኤልኤ ተረታ። አሰልጣኙ ጄምስ ፍራንክሊን ጥቅምት ላይ ተሰናበተ። አራተኛው ክሌምሰን በሰባት ድልና በስድስት ሽንፈት ጨረሰ። ኢንዲያናስ? ሃያኛ ተብሎ ጀመረ። 16 ተጫውቶ 16 አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ያለ ውጤት ከ1894ቱ ዬል ወዲህ አልታየም።

ኢንዲያና ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ትምህርት ነው። ዘመኑን ሙሉ በሽንፈት የሚታወቅ፣ የቅርጫት ኳስ ትምህርት ቤት ነበር። ከርት ሲግኔቲ የሚባል አሰልጣኝ ከ2023 ውድድር በኋላ መጣ። የመጣው እዚሁ ቨርጂኒያ ካለው ጄምስ ማዲሰን ነው። እዚያ 52 አሸንፎ 9 ብቻ ነበር የተሸነፈው። ከአስር በላይ ተጫዋቾችንም ይዞ ሄደ። «እንዴት አድርገህ ሰውን ታሳምናለህ?» ሲሉት «አሸንፋለሁ። ጎግል አድርጉኝ» አለ። ብዙ ሰው እንደ ጉራ ቆጠረው፤ መረጃው ግን እፊታቸው ነበር። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ መጥቶ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ። ፍጻሜው ላይ ማያሚን 27 ለ 21 ሲያሸንፉ፣ በአራተኛ ዳውን፣ ማለትም በመጨረሻው ሙከራ፣ ራሱ ኳሷን ይዞ 12 ያርድ ሮጦ ገባ። ያን ሩጫ ደጋግማችሁ እዩት። ሁለት ሰው መትቶት አልወደቀም።

ስለዚህ ስተነብይ በመጀመሪያ አሰልጣኙን አያለሁ። ትንሽ ቦታ ላይ በትንሽ ገንዘብ ምን ሠራ? ቀጥሎ የፊት መስመሩን፤ እነዚያ ኳሷን የማይነኩ ግዙፎች። ከእነሱ ስንቱ ካለፈው ዓመት አብሮ ቆየ የሚለው ከኮከብ ሯጭ ይበልጥብኛል። የኳርተርባኩ ልምድም ወሳኝ ነው። የምልምሎች ደረጃ ለእኔ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ተጫዋች በየዓመቱ ትምህርት ቤት በሚቀይርበት በዚህ ጊዜ ዋጋው ቀንሷል።

ትንበያዬ ይኸውና። ዋንጫው አሁንም ቢግ ቴን ከሚባለው ሊግ አይወጣም። ሚሺጋን፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ኢንዲያና፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወስደዋል። የእኔ ምርጫ ኦሃዮ ስቴት ነው። ኳስ ተቀባዩ ጀረማያ ስሚዝ ኮሌጅ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ስለሆነ በሕጉ መሠረት ገና ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል መሄድ አይችልም ነበር። የ2024ቱን ፍጻሜ በኖትር ዳም ላይ የቆለፈችው የ56 ያርድ ኳስ የእሱ ናት፤ ያኔ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ኢንዲያና ያለ ሜንዶዛም ከ12ቱ አንዱ ይሆናል እላለሁ፤ ዋንጫውን ግን አይደግምም።

ከ12ቱ ቦታዎች ሦስቱን ባዶ አድርጌ እተዋለሁ፤ ዛሬ ማንም ስማቸውን ለማይጠራቸው። በ2024 አሪዞና ስቴትን የቢግ 12 ሊግ ጋዜጠኞች ከ16 ቡድን መጨረሻ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ሊጉን አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ፤ ቴክሳስንም ሁለት ጭማሪ ሰዓት ድረስ አስጨነቀ። በ2025 ጄምስ ማዲሰንና ቱሌን ገቡ። ዘንድሮም እንዲህ ያለ ይመጣል።

ለአካባቢያችን ሰዎች፦ ቨርጂኒያ ቴክን ተከታተሉ። ፍራንክሊን ከፔን ስቴት ከወጣ በኋላ የተቀጠረው እዚያ ነው። የእሱን ሥራ የምለካው በፔን ስቴት አይደለም፤ በቫንደርቢልት ነው። ደካማ የነበረውን ቡድን በ2012ም በ2013ም ዘጠኝ ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፎበታል። ቢያንስ ሰባት ድል እጠብቃለሁ። ሜሪላንድ ላይ ግን አልቸኩልም። በ2025 የመጀመሪያዎቹን አራት አሸንፎ የቀሩትን ስምንት በሙሉ ተሸነፈ። መስከረም ላይ በደካማ ተጋጣሚ የተገኘ ድል ብዙ አያሳምነኝም፤ ጥቅምት ሲጋመስ እናያለን።

ቀጥዬ የማጠናው የፊት መስመሩን አጨዋወት ነው፤ ማን ማንን እንደሚያግድ ገና በደንብ አይታየኝም። የምታውቁ ካላችሁ ከየትኛው ቡድን ብጀምር እንደሚሻል ንገሩኝ። ከዊቴከር የባሰ የተረሳ ተጫዋች የምታውቁም አምጡት፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ እንጂ በደስታ እከራከራለሁ።