«ራም ጨምርልኝ» ከማለታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ራም ጨምርልኝ፣ ስታክ እያደረገ ገደለኝ» አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍበት ነው። ጠዋት ታበራዋለች፣ ቡና ትጥዳለች፣ ጀበናው ፈልቶ ሲወርድ ዎርድ ገና አልተከፈተም። ቀድማ የወሰደችበት ሱቅ «ይሄ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ» ብሏታል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል፤ ተማሪ ናት፣ አዲስ ላፕቶፕ ከየት ታመጣለች?

መጀመሪያ ታስክ ማናጀሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት ከፈትኩት። ፕሮሰሰሩ 10 በመቶ እንኳ አይሠራም። ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚቀመጡበት ሜሞሪ፣ 8 ጊጋ ነው፤ ግማሹ ባዶ። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዲስክ ግን 100 በመቶ ላይ ተቸክሏል። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሜሞሪ አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሽ አለ፤ ትንሽ ነው፣ ግን በ1 ናኖሰከንድ አካባቢ መልስ ይሰጣል። ራም ወደ 100 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ (ፋይሎችን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው የዲስክ ዓይነት) ወደ 100 ማይክሮሰከንድ፣ ሃርድ ዲስክ (የቆየው ዓይነት፣ የሷ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው) ደግሞ 10 ሚሊሰከንድና ከዚያም በላይ። ቁጥሩ እንዲሁ ሲታይ ስሜት አይሰጥም። ካሹ 1 ሰከንድ ፈጀበት ብለን እናስብ። በዚያ ሂሳብ ራሙ ደቂቃ ተኩል ያህል ያስጠብቀናል፣ ኤስኤስዲው ከአንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን በመስቀል የጠየቅነውን ይዞ የሚመጣው በጥምቀት ነው።

ምክንያቱም ሃርድ ዲስክ ማሽን ነው። ውስጡ ሳህን ይሽከረከራል፣ የሷ ዓይነቱ በደቂቃ 5400 ጊዜ። አንድ ዙር ብቻ 11 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ማንበቢያው ክንድ ወደ ቦታው ይሄዳል፣ ከዚያ የሚፈልገው ነገር ዞሮ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ ይህን ጥበቃ በሺህ አባዙት። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ራም መጨመር የሚጠቅመው ራሙ ሲሞላ ነው። 4 ጊጋ ይዛችሁ ክሮም ላይ 20 ታብ ከከፈታችሁ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወርደዋል፤ ወደዚያ ታብ በተመለሳችሁ ቁጥር ዲስኩን መለመን ነው። ያኔ ጨምሩ። ግማሹ ባዶ በሆነ ራም ላይ መጨመር ግን ብር ማባከን ነው።

ለሷ ሳታ የሚባለውን ዓይነት 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛን። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ሌላው የኤስኤስዲ ዓይነት ቢሆን በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፣ ግን ላፕቶፗ መግቢያው የለውም። ለዎርድና ለብሮውዘር ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም፤ ትልቁ ለውጥ ከሚሽከረከረው ሳህን መላቀቁ ነው። ያለውን ሁሉ እንዳለ ገልብጬ፣ ብሎኖቹን ፈትቼ ቀየርኩት። አሁን በ20 ሰከንድ ይነሳል።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አልጣልነውም። ዩኤስቢ ያለው መያዣ ውስጥ አስገባሁላት፤ ሁሌ አርብ ማታ ጽሑፏን እዚያ ላይ ትገለብጣለች።