ጊዮርጊስ፣ ሥላሴና በዓታ፦ በቡድን ወጥቶ ነባር አብያተ ክርስቲያናትን ማንሳት

ለፎቶ ሥልጠና በቡድን የወጣ ሰው ቀኑ የሚበላሽበት በካሜራ ሳይሆን በሰዓት ነው። የፀሐይ ሰዓትና የቅዳሴ ሰዓት አይገጥሙም፤ ሲጋጩ ቅዳሴው ይቀድማል፤ መቅደምም አለበት። ስለዚህ ሌንስ ከመምረጥ በፊት የግድግዳ ካላንደር ማየት ይሻላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ወር በገባ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ፣ በ7 ቅድስት ሥላሴ፣ በ3 በዓታ ለማርያም ወርኃዊ በዓላቸው ነው፤ ግቢው በምእመናን ይሞላል። ሕንፃ ለማንሳት ለሚሄድ ቡድን እነዚህ ቀኖች አይሆኑም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ይሆናል፤ ጠዋቱ ለፎቶ ይተርፋል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ይህ ሂሳብ ይፈርሳል። እሑድ ጠዋትን ከናካቴው እርሱት።

ፈቃድ የሚጠየቀው ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በር ላይ ካገኛችሁት ዘበኛ አይደለም። ደብዳቤው ላይ የሰው ብዛት፣ ቀንና ሰዓት፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) መኖሩ፣ ፎቶው የት እንደሚውል ይጻፍ። ለውጭው ግቢ፣ ለውስጡና ለሙዚየሙ ለየብቻ ጠይቁ፤ «ፎቶ ማንሳት ተፈቅዷል» የሚል አንድ መስመር በር ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የውጭውን ብቻ ማለት ይሆናል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ያናግር። ሁሉም በየፊናው ካህናቱን ከጠየቀ መልሱ ይለያያል፤ የሚጸናው ደግሞ «አይቻልም» ያለው ነው።

ከጊዮርጊስ መጀመር ጥሩ ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ብርሃን ያስተምራል። ከዓድዋ ድል በኋላ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራው ይህ ካቴድራል፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑበት ነው። ስምንቱ ግድግዳዎች እያንዳንዳቸው ከጎናቸው ካለው በ45 ዲግሪ ዞር ስለሚሉ ፀሐይ ሁሉንም እኩል አትመታቸውም። በታኅሣሥ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ደቡብ ምሥራቁ ፊት ብርሃኑን ከፊት ለፊት ይቀበላል፤ የደቡቡ ፊት ግን ብርሃኑ እየታከከው ያልፋል። የድንጋዩ መገጣጠሚያ፣ የቅርጹ ጠርዝ፣ የመስኮቱ ጥልቀት የሚወጣው በሁለተኛው ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚቆመው የበራው ፊት ለፊት ነው፤ የሚያገኘውም ጠፍጣፋ ግድግዳ ነው። ጎን ለጎን ካሉ ፊቶች አንዱ ሙሉ የበራ፣ ቀጣዩ በከፊል የጠቆረ የሚሆንበትን ቦታ እየዞራችሁ ፈልጉ፤ ማዕዘኑ ያኔ ማዕዘን ይመስላል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ ከ59 ዲግሪ አትዘልም፤ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። የሰሜኑ ፊት ያን ወር ፀሐይ አያገኝም፤ እሱን ማንሳት ካለባችሁ ስስ ደመና ያለበትን ቀን ጠብቁ። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች፤ ጣሪያው ብቻ በርቶ ግድግዳው ይጨልማል። ማታም ቢሆን አትዘናጉ፤ እዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው ከግማሽ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ትራይፖዱ ቀድሞ ይተከል።

ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀኑት ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። መፍትሔው ካሜራውን ደልዳላ ይዞ ወደ ኋላ መራቅ ነው፤ የግቢው ዛፍ ካላስራቀ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዛችሁ የታችኛውን መሬት በኋላ ቁረጡት። በኮምፒውተር አቃናዋለሁ የሚል ደግሞ በዙሪያው በቂ ክፍት ቦታ ይተው፤ ማቃናት ዳሩን ይበላል፤ ጉልላቱ ላይ ያለው መስቀል የተቆረጠበት ፎቶ ምንም አያደርግም። ፒያሳ ብዙ ፈርሶ እንደገና ስለተሠራ ከበስተጀርባ የሚገባውም ተለውጧል፤ ክሬንና አዲስ ሕንፃ ጉልላቱ ጎን እንዳይበቅል ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ማለት ይበቃል።

ውስጥ ሲገባ ሥራው ይከብዳል። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይከናነባሉ። የነጠላው ጥለት ሌንሱ ፊት እንዳይወርድ በትከሻ ላይ አጥብቁት። ወደ መቅደሱ ሌንስ አይዞርም፤ መጋረጃው ተከፍቶ ቢታይም አይዞርም። ቡድኑ አሥራ ሁለት ከሆነ አራት አራት ሆናችሁ ግቡ፤ ለአራት ሰው አንድ ትራይፖድ በቂ ነው።

በእጅ ለሚያነሳ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 4፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ መነሻ ይሁን። በትራይፖድ ከሆነ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ከ1 እስከ 4 ሰከንድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ ትራይፖድ ምንጣፍ ላይ ይሰምጣል፣ ሰው ሲራመድ ይንቀሳቀሳል። እግሮቹን ወደ ታች ጫን አድርጉ፣ መሐል ያለውን ዘንግ አታስረዝሙ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ባሉበት ይቁሙ።

ድምፅ እንዳያሰማ ብሎ ኤሌክትሮኒክ ሹተር (መዝጊያው ሳይንቀሳቀስ በሴንሰሩ ብቻ የሚነሳበትን) የሚያበራም አለ። ሐሳቡ ጨዋነት ነው፤ ውጤቱ ግን በፎቶው ላይ አግድም የተጋደመ ጥቁርና ቢጫ መስመር ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሹተሩን አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ መስመሩ በአብዛኛው ይጠፋል። ፍላሽ ለማንም አይፈቀድ፤ ሥዕሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከመተው በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ሥዕል ካስቸገረ ትንሽ ወደ ጎን ቁሙና ፖላራይዘር ፊልተር እያዞራችሁ ነጸብራቁን አስወግዱ። ፊልተሩ ግን እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው።

አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ ዋናው ጉዳይ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወቱ ነው። የብርሃን ልኬታችሁን ከመስታወቱ ላይ ውሰዱ፤ ግድግዳው ይጨልማል፣ ይጨልም። ሁለቱንም የሚፈልግ በ2 ስቶፕ ልዩነት 5 ፎቶ ያንሳና በኋላ ያዋህድ። ኋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን የሚወስንበትን የቀለም ልክ) በአውቶ አትተዉት፤ ካሜራው ሰማያዊና ቀዩን «ሊያስተካክል» ሲሞክር መስታወቱን ያደበዝዘዋል። 5500 ኬልቪን (የቀን ብርሃን ልክ) ላይ እሰሩት። ፀሐይ በቀጥታ ከመስታወቱ ጀርባ ስትሆን ቀለሙ ይነጣል፤ መስታወቱን ፀሐይ በሌለችበት በኩል አንሱ፤ ባለችበት በኩል ደግሞ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቀለም። ከ1993 ጀምሮ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም ያረፈበት የግራናይት መቃብር ነጸብራቅ ይሰጣል፤ ራሳችሁን ድንጋዩ ውስጥ እንዳታነሱ ጥቁር ልብስ ይረዳል።

በዓታ ምድር ቤቱ፣ አፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉበት፣ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውረዱ። ቦታው ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ስለሆነ ረጅም ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ወደ አጥሩ አቅጣጫ አይነሳ። ድሮን ማሰብም አያስፈልግም።

ከዚህ ትግራይ ውስጥ ወዳለችው የሐ ለመውጣት ያሰበ ቡድን ጊዮርጊስ ላይ የተማረው ታካኪ ብርሃን በእጅጉ ይጠቅመዋል። እዚያ ያለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ጣሪያ የለውም፤ ግድግዳው ያለ ማጣበቂያ ከተገጠመ ጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ያንን ቀጭን መገጣጠሚያ የሚያሳየው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ብቻ ነው።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሁሉም በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያነሳውን ወደ ሁለት ቦታ ይገልብጥ። ከዚያም ከየቡድኑ ሁለት ሦስት ምርጥ ፎቶ አሳጥባችሁ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። በቴሌግራም መላክ ሳይሆን በኤ4 መጠን የታጠበ፣ ከኋላው ቀኑ የተጻፈበት። ለሚቀጥለው ቡድን ደብዳቤ ስታስገቡ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ያስታውሳችኋል።