አጥንት ስንቆጥር የዋልንበት ቀን

በደብረ ብርሃን የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። በየዓመቱ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሳስተምር፣ ሰው በዘሩ፣ በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ ወይም በማኅበራዊ አመጣጡ ምክንያት ልዩነት ሊደረግበት እንደማይገባ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ «ማኅበራዊ አመጣጥ» ከሚለው ሐረግ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አሰምራለሁ። የማሰምረው በእኛ አካባቢ ሸክላ የምትሠራ ሴትና ብረት የሚቀጠቅጥ ወንድ «ቡዳ» እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ እያየሁ ስላደግሁ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን መጡ። ልጁ የተማረ፣ ጠባዩ የተመሰገነ ነው፤ አባቱ ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ፣ እናቱም ጀበናና ምጣድ ይሸጣሉ። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮ ከተሸኙ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ አጥንት መቁጠር ጀመረ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ተናገር» አሉኝ። እኔም «ነገሩን ረጋ ብለን እናጣራ» አልኩ። የሚጣራው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስለ ልጁ ጠባይ ወይም ስለ ኑሮው የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ እንዲህ ስናገር ቡናው የሚፈላው እነዚያው እጆች በሠሩት ዓይነት ጀበና ነበር።

ይህን የማነሣው ሕዝባችን ልዩነትን ማክበር አይችልም ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ያሳዘነኝ መቻሉ ነው። ከአንኮበር ቆላ፣ ከአልዩ አምባ በኩል ከሚመጡ አርጎባ ወዳጆቻችን ጋር ቤተሰቤ ለትውልድ የዘለቀ ዝምድና አለው። በሠርጋችን ቀን ለሙስሊም እንግዶቻችን በሙስሊም እጅ ታርዶ ለብቻ ይሠራል፣ ዕቃውም ለብቻ ይሆናል፤ ይህን የሚያደርገው ያው አጥንት ይቁጠር ያለው ዘመድ ነው። በሃይማኖት ለተለየን ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ አብሮን በአንድ ደብር የሚሳለመውን፣ አብሮን የሚጾመውን ጎረቤታችንን በእጁ ሥራ ምክንያት እንርቀዋለን።

ዐፄ ምኒልክ፣ በአንጎለላ የተወለዱት የዚሁ አገር ሰው፣ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ የሰው ሁሉ ምንጭ አዳምና ሔዋን መሆናቸውንም አስታውሰዋል። አዋጁን ለተማሪዎቼ በኩራት ነው የማስተምረው። ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም በእኛ ቤት ግን በዚያ ቀን የደገመው ሰው አልተገኘም፤ መድገም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

እህቴ ማታ ለብቻዬ አግኝታ «ጋሼ፣ ለሰው ልጆች የምታስተምረውን ለእኛም አስተምረን» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ግን ነበረባት። ሌሊቱን ሳላንቀላፋ አድሬ በማግሥቱ ለአባቴና ለአጎቴ ሐሳቤን በግልጽ ነገርኳቸው። አጎቴ ከሠርጉ ቀሩ፤ እናቴ ብዙ ካለቀሰች በኋላ ሙሽሮቹን መረቀቻቸው።

የእኔ ዕዳ ግን በዚህ አልተዘጋም። ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደርሶ፣ ከእነሱም ወደ ልጁ ቤት እንደሄደ በኋላ ሰማሁ። ስለዚህ ከሠርጉ በኋላ ወደ እህቴ አማት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ጭቃ እያቦኩ ነበርና እጃቸውን ሳይታጠቡ አዳመጡኝ፤ ከዚያም «ልጄ፣ ይቅርታውን እዚህ ከቤት ሰምቼዋለሁ። ገበያ ላይ ስታገኘኝ ደግሞ ሰው እያየ ሰላም በለኝ» አሉኝ።

ይህን የጠየቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በድብቅ እቤታቸው የሚመጣ፣ በአደባባይ ግን ፊቱን የሚያዞር ሰው ብዙ አይተዋል። እኔም በመጀመሪያው የገበያ ቀን ከሩቅ አይቻቸው እግሬ ሲከብደኝ ተሰምቶኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በሚቀጥለው ሳምንት አብሮኝ ከሚያስተምር ባልደረባዬ ጋር ሆኜ ወደ ጀበናዎቻቸው ሄድኩ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸውም ቀና አድርገው ጉንጬን ሳሙኝ። ባልደረባዬ «ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሻጮችም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የእህቴ አማት፣ ዘመዴ ናቸው» አልኩት።