ደንገጎን የሚወጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር እንዴት እንዳጠናን

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ ሐረር ለሚወጣ አዲስ ትራንስሚሽን (የከፍተኛ ቮልቴጅ ኃይል ማስተላለፊያ) መስመር በተሠራው ጥናት ላይ ፕላነር ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ጀማሪ ኢንጂነሮች "ከየት ነው የሚጀመረው" እያሉ ስለሚጠይቁኝ እንዴት እንደሄድንበት ልጻፈው።

ከካርታ አትጀምሩ፣ ከሎድ ጀምሩ፣ ማለትም አካባቢው ከሚፈልገው የኃይል መጠን። የተለመደው ነገር ያለፉትን ዓመታት ፍጆታ ወስዶ በየዓመቱ ይሄን ያህል ፐርሰንት ያድጋል ማለት ነው፣ ድሬ ላይ ግን ይሄ አይሠራም፣ ምክንያቱም ድሬ የምታድገው እየዘለለች ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲገባ ዝላይ፣ የጅቡቲው ኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ሥራ ሲጀምር ሌላ ዝላይ፣ ከዛ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2014 መጨረሻ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው መጣ። ባለሀብቱን ስትጠይቁት ኋላ እንዳያጥረኝ ብሎ ሜጋዋቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ "ስንት ትፈልጋላችሁ" የሚለውን ትተን ማሽኑ ታዟል ወይ፣ ትራንስፎርመራችሁ ስንት ነው፣ በስንት ሺፍት ነው የምትሠሩት ማለት ጀመርን። ማሽን የገባለትን አንድ ላይ፣ ቦታ ብቻ አጥሮ የተቀመጠውን ሌላ ላይ አድርገን የሎድ ትንበያውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለን ሠራን። ከዚህ በኋላ ነው ቁጥሩን ማመን የቻልኩት።

ባቡሩን ለብቻው እዩት። ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦ 25 ኪሎ ቮልት ሲንግል ፌዝ ነው፣ ኔትወርኩ ኃይል የሚልከው በሦስት ፌዝ (በሦስት ሽቦ) ሲሆን ባቡሩ ከሁለቱ ነው የሚስበው፣ ዳገት ሲይዝ ሎዱ ብድግ ይልና ቆይቶ ደግሞ ይወርዳል። ሜጋዋት ደምሮ ማለፍ አይበቃም፣ የፌዝ ሚዛኑ ካልታየ ጎረቤት ያለው ፋብሪካ ሞተሩ ይሞቅበታል።

ሌላው ደግሞ ድሬ የኔትወርኩ ጫፍ አካባቢ ናት፣ የሀገሪቱ ትልልቅ ግድቦች በምዕራብና በደቡብ ናቸው፣ ኃይሉ ከቆቃ በኩል ረጅም መንገድ መጥቶ ነው ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው። ሎድ ሲበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሌሊት ሎድ ሲቀንስ ደግሞ ረጅሙ መስመር ራሱ ቮልቴጁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ አዲሱን መስመር የሐረር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አይቻልም፣ የድሬ ሰብስቴሽን (ቮልቴጅ የሚቀየርበት ጣቢያ) ራሱ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል።

ትልቁ ክርክር 132 ወይስ 230 ኪሎ ቮልት የሚለው ነበር። ያንኑ ኃይል በዛው ሽቦ በ230 ስትልኩት ብክነቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፣ ግን ርቀቱ አጭር ስለሆነ በብክነት ብቻ ተከራክራችሁ አታሸንፉም። እኔ ለ230 የተከራከርኩት በመተላለፊያው ነው። ደንገጎ ላይ መስመር የሚያልፍበት ቦታ ጠባብ ነው፣ መንገዱ አለ፣ ገደሉ አለ፣ እርሻው አለ፣ ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ሁለተኛ መስመር እናሳልፍ ብትሉ ማለፊያ አታገኙም። ስለዚህ ታወሩ (የብረት ምሰሶው) ደብል ሰርኪዩት፣ ማለትም በግራና በቀኝ ሁለት የሽቦ ስብስብ የሚሸከም ይሁን፣ መጀመሪያ አንዱ ጎን ሽቦ ይሳብበት አልን። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ሁለት ሰርኪዩት አንድ ታወር ላይ ማለት ሁለት መስመር ማለት አይደለም፣ ታወሩ ከወደቀ ሁለቱም ነው የሚሄዱት፣ ሪፖርቱ ላይ ይሄ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ከድሬ እስከ ሐረር ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ዲዛይኑን ሁለት ያደርገዋል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ሽቦው በፀሐይም በራሱ ከረንትም ሲግል ይለጠጥና ወደ መሬት ይረግባል፣ ታች ያለውን ክሊራንስ (ከሽቦው እስከ መሬት ያለውን ርቀት) በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ነው ማስላት ያለባችሁ። ላይ ስትወጡ አየሩ ሲሳሳ ኢንሱሌሽኑ (ኤሌክትሪኩ ወደ ታወሩ እንዳይዘል የሚከላከለው) ይደክማል፣ ስለዚህ ኢንሱሌተሩም በሽቦውና በታወሩ መካከል ያለው ርቀትም በከፍታ ይስተካከላል። አሸዋማ ወንዞቹ ደግሞ በበጋ ሲያዩዋቸው መንገድ ነው የሚመስሉት፣ ግን በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ምን እንዳደረገ ድሬ ያለ ሰው አይረሳውም። ታወር ዳርቻቸው ላይ እንዳይተከል፣ ይሻገር ከተባለም በአንድ ዝላይ ይሻገር ብለን ጽፈናል።

በጣም የተማርኩት ግን ወደ ሐሮማያ በኩል ሩቱን (መስመሩ የሚያልፍበትን አቅጣጫ) በእግር ስንሄድ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የጫቱን ግንድ በእጃቸው ይዘው "ልጄ፣ ሽቦው ሲያልፍ ይሄ ይነቀላል?" አሉኝ። ኦቦ፣ ሽቦው ስር አጭር ተክል ይቆያል፣ ባሕር ዛፍ ነው የማይፈቀደው፣ የሚወሰደው የታወሩ እግር የሚያርፍበት ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው እርከኑን በእርምጃ ለክተው እስከ ድንበሩ ሄዱና "እግሩን እዚህ ጋ አድርጉልን፣ ከእኔም ከጎረቤቴም ትንሽ ትንሽ ይውሰድ" አሉ። ይሄ ቴክኒካሊ ትክክል ነው! ታወር በመስመሩ አቅጣጫ ወደፊት ወደኋላ ትንሽ ማንሸራተት ብዙም ወጪ የለውም፣ ወጪ የሚያበዛው ወደ ጎን ማጠፍ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ እጥፋት ከባድ አንግል ታወርና ትልቅ ፋውንዴሽን ይፈልጋል። ከዛ በኋላ ሰርቬየሮቹን በየማሳው ድንበሩንና እርከኑን አብረው እንዲለኩ አደረግን፣ ብዙ እግሮችን ድንበር ላይ ማሳረፍ ተቻለ። ጫት በየዓመቱ የሚዘራ ሰብል አይደለም፣ ቤተሰብ ለዓመታት የሚኖርበት ነገር ነው፣ ካሳ ሲሰላ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚለቀም፣ ውሃ በፓምፕ ይጠጣ አይጠጣ በዓይን ታይቶ መመዝገብ አለበት። ስብሰባም በለቀማ ሰዓት አትጥሩ፣ የሚመጣ የለም፣ ሴቶቹንም ለይታችሁ አናግሩ፣ ካሳው ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን በደንብ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሐረር ስትደርሱ ጀጎል የዩኔስኮ ቅርስ ስለሆነ ሰብስቴሽኑንም መስመሩንም ከግንቡ እይታ አርቀን ነው ያስቀመጥነው። አሁን የቀረው መተላለፊያውን በሁለቱም ከተሞች ማስተር ፕላን ላይ ማስከበር ነው፣ ገንዘቡ እስኪገኝ ከተጠበቀ ቤት ይሠራበታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ማዘጋጃ ቤቶቹ የላክነው የሩቱን ኮኦርዲኔት ነው።