ስምንት ኮር እያለ ቪዲዮ ለምን ይንቀረፈፋል?

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለኝ። ሰርግ እቀርጻለሁ። ጥር አልፎ ጾሙ ሲገባ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ የድሮ ካሴት ወደ ፋይል እቀይራለሁ። ሚኒ ዲቪ ካሴት በየቤቱ ቡፌ ውስጥ ሞልቷል። የአንድ ሰዓት ካሴት ኮምፒውተር ላይ ሲገባ 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ይህን በፍላሽ ለደንበኛ መስጠት ስለማይሆን ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤች.264፣ ማለትም ቪዲዮን አጭቆ ወደሚይዝ ቅርጸት፣ አሳንሰዋለሁ። ካሴቱን ማስገባት ጥበብ የለውም፤ የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ በቃ። ጣጣው ማሳነሱ ላይ ነው።

ስምንት ኮርና 16 ትሬድ ያለው፣ ማለትም 16 ስራ ጎን ለጎን ማስኬድ የሚችል፣ ኮምፒውተር ገዝቼ ፋይሎቹን በተርታ ለቀቅኩበት። ሲፒዩው ግማሹን እንኳን ሳይሰራ ይዝናናል። መመሪያውም ሰውም የሚለው አንድ ነው፦ የትሬዱን ቁጥር አትንካ፣ ራሱ ያውቃል። ለፉል ኤችዲ እሺ፣ ይሁን። ለድሮ ካሴት ግን እኔ አልስማማም።

ኤፍኤፍኤምፔግ ውስጥ ሆኖ የሚያሳንሰው ኤክስ264 ስራውን የሚያካፍለው ብዙ ፍሬሞችን (ቪዲዮው የተሰራባቸውን ነጠላ ምስሎች) ጎን ለጎን በማስጀመር ነው። ግን አንዱ ፍሬም ከፊቱ ያለውን እያየ ነው የሚሰራው። እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው፤ የፊተኛው ካልተራመደ የኋለኛው ወዴት ይሄዳል? የዲቪ ምስል ቁመቱ 576 መስመር ብቻ ነው፤ 16 16 መስመር ሲከፋፈል 36 ረድፍ ይወጣዋል። ለዚያ ሁሉ ትሬድ የሚበቃ ስራ የለም። በዚያ ላይ ምስሉ ኢንተርሌስድ፣ ማለትም መስመሮቹ አንዱን እየዘለሉ በሁለት ዙር የተቀረጹ፣ ስለሆነ እነሱን የሚያስማማ ማጣሪያ ይጨመራል። በ2024 ከወጣው 7.0 በፊት በነበሩት የኤፍኤፍኤምፔግ እትሞች ደግሞ ማንበቡ፣ ማጣሪያውና ማሳነሱ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነበር የሚሄደው።

መፍትሄው አንድ ፋይል ላይ ሁሉንም ኮር ማፋጠጥ አይደለም። ስድስት ፋይል በአንዴ አስጀምሩና ለእያንዳንዱ ሁለት ትሬድ ስጡት። እኔ ብዙ ስራ በአንዴ በሚያስጀምረው በኤክስአርግስ ትእዛዝ ነው የማደርገው። የፋይሎቹን ስም ዝርዝር አንድ በአንድ በሚያነብ ሉፕ የምትሰሩ ከሆነ ኖስትዲን የሚለውን አማራጭ ጨምሩ፤ አለዚያ ኤፍኤፍኤምፔግ ዝርዝሩን እንደ ኪቦርድ ትእዛዝ ቆጥሮ ይበላዋል። የምታነቡበትና የምትጽፉበት ዲስክም ለየብቻ ይሁን። ስድስት ሰው በአንዴ የሚጠራው ሃርድ ዲስክ መንጠራራት ብቻ ነው ስራው።

ይህን ሳስተካክል ፍጥነቱ በግልጽ ጨመረ። ደስ አለኝ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

መብራት እንደሚጠፋ ማን አያውቅም? ለዚህ ብዬ እኮ ነው ዩፒኤስ የገዛሁት። ሻጩ "አይዞህ ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ቀጥ አድርጎ ይይዝልሃል" ብሎኛል። ካርቶኑ ላይ 650 ቪኤ ይላል። ቪኤ ዋት አይደለም! እንዲህ ያለው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። ባትሪውም ትንሽ ነው። ሁሉም ኮር ሲሯሯጥ ኮምፒውተሩ ስራ ፈት ሆኖ ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ዩፒኤሱ ጢጥ፣ ጢጥ አለ። የማኪያቶ ብርጭቆዬን ሳላስቀምጥ ጭጭ። ሻጩን ሄጄ ስጠይቀው "አንተ በጣም ታሰራዋለህ" አለኝ። ታዲያ ኮምፒውተር የሚገዛው ሊቀመጥ ነው?

ኤምፒ4 ፋይል የቱ ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው ሁሉም ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ መጠኑ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይሆናል እንጂ አይከፍትም። በተርታ ሲሰራ በአንድ መብራት መጥፋት የሚሞተው አንድ ፋይል ነበር። አሁን ስድስት ሆነ። መብራቱ ሲመጣ ትእዛዞቹን በተራ የሚያስኬድልኝን ስክሪፕት እንደገና አስነሳሁት። ስክሪፕቱ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚመክረው ነገር አለው፦ ፋይሉ ካለ ዝለለው። ስድስቱም ሬሳዎች "አሉ" ተብለው ታለፉ። ዝርዝሩ ሙሉ፣ ስህተት የሚል መልእክት የለም። በፍላሽ ገልብጬ አስረከብኩ።

ማታ ደንበኛዬ ደወሉ። "ልጄ፣ መልሱ አይከፍትም እኮ።"

"እማማ፣ ምናልባት ቲቪው ይሆን?"

"ቲቪውማ ሰርጉን ሲያሳየን አይደል ያመሸው! እንግዳ ጠርቼ!"

ጥሬው ፋይል ለቦታ ሲባል ተሰርዟል። ካሴቱን መልሰው አመጡልኝ፣ ቁጭ ብዬ እንደገና አስገባሁ። እሳቸው ምንም አላሉም። ያ ነው የባሰው።

አሁን የምሰራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም፣ ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት አወጣዋለሁ፤ ቢቋረጥ እንኳን እስከ ተቋረጠበት ድረስ ይከፍታል። ያለ ስህተት ሲያልቅ ርዝመቱን ከኤፍኤፍኤምፔግ ጋር በሚመጣው መመርመሪያ በኤፍኤፍፕሮብ ከጥሬው ጋር አመሳክራለሁ። ከገጠመ ወደ ኤምፒ4 እገለብጠዋለሁ፤ እንደገና ማሳነስ ስለሌለው ጊዜ አይወስድም። ትክክለኛውን ስም የሚያገኘው ያኔ ነው። ስለዚህ ስም ያለው ፋይል ሁሉ ያለቀ ፋይል ነው። ጊዜያዊውን ስክሪፕቱ ራሱ ያጠፋዋል።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር። መብራት ሲጠፋ ስራዎቹን መግደል አያስፈልግም። የስቶፕ ሲግናል ላኩባቸው፤ ባሉበት ይቆማሉ፣ ሲፒዩው ይረጋጋል፣ ዩፒኤሱም ትንፋሽ ያገኛል። መብራቱ ሲመለስ ኮንቲኒው ስትሏቸው ከቆሙበት ይቀጥላሉ።

የሲፒዩውን የኃይል ጣሪያም ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው ማስተካከያ) ዝቅ አድርጌዋለሁ። የመጨረሻዋ ቅንጣት ፍጥነት ብዙ ዋት ነው የምትበላው፤ ትቅርብኝ። ማራገቢያውም ቀለል አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ የሰፈሩ ግንባታ አቧራ ደግሞ ከአየሩ ይወፍራል።

በግራፊክስ ካርድ ቀይረውና ተገላገል የሚሉኝ አሉ። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን በተመሳሳይ የፋይል መጠን የኤክስ264ን ቀርፋፋ ፕሪሴት (ጊዜ ወስዶ የሚያሳንሰውን ዝግጁ ቅንብር) ጥራት ሲሰጠኝ አላየሁም። ለቲክቶክ ቅንጭብ ይበቃል።

ጥሬውን ፋይል ደግሞ ደንበኛው በራሱ ቲቪ እስኪያየው አልሰርዝም። ለዚህ የገዛሁትን ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ሂሳቡ ውስጥ እጨምረዋለሁ። የሚያጉረመርም አለ፤ ያጉረምርም።